ሰው የለበትም የተባለው ምድር

(በጠዳ ለምዕመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ምዕራቡ ቆላ፣ በተለይም ስለ ቋራና ስለ መተማ ነው። ጥያቄው ከእናንተው ዘንድ የመጣ ነው። ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዶቹ በደጋው መሬት እንዳለቀ፣ ጎጆ ለሚወጣ ልጅ አንድ ጥማድ እንኳ ማካፈል እንዳልተቻለ፣ በቆላው ግን ሰው የሌለበት ሰፊ ምድር ተዘርግቶ እንደሚገኝ ገልጸው፣ ገንዘብ አዋጥተን ወጣቶቻችንን ለምን አናሰፍርበትም ሲሉ ጽፈውልናል። አሳቡ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ልጁ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት እያየ ዝም የሚል ወላጅ የለምና። ነገር ግን መልስ ከመስጠታችን በፊት ምድሪቱን ማወቅ ይገባናል። ሙሴ መልእክተኞችን ወደ ከነዓን በላከ ጊዜ እንዲሁ ዞራችሁ ተመለሱ አላላቸውም፤ ስለ ነዋሪው፣ ስለ ከተሞቹ፣ ስለ አፈሩና ስለ ዛፉ መርምረው እንዲመጡ ነገራቸው። ልብ በሉ፤ ከአፈሩ በፊት የተጠየቀው ስለ ነዋሪው ነው። እኛ በጦር የምንወርሰው ምድር የለንም፤ ከእነዚያ ሰዎች የምንወስደው ትምህርት ጠይቆ መመለስን ነው።

እንግዲህ ከስሙ እንጀምር። እኛ የደጋ ሰዎች ይህን አገር «በረሃ» እንለዋለን። በረሃ ሲባል አሸዋ ብቻ የሚታየው ሰው ይኖራል። በጎንደር ሰው አነጋገር ግን በረሃ ማለት ሙቀቱ የሚያቃጥል፣ ውኃው በበጋ የሚጠፋ፣ ወባው የሚያስፈራ፣ መንደሩ ከመንደር የተራራቀ ቆላ ማለት ነው። «በረሃ ወረደ» ስንል ለሥራ ሄደ ማለታችን ነው፤ «በረሃ ገባ» ስንል ደግሞ ሸፈተ ማለታችን ነው። በሁለቱም አነጋገር በረሃ የሚኬድበትና የሚመለሱበት ቦታ እንጂ ሰው ተወልዶ የሚያድግበት፣ ቀብሩም የሚገኝበት አገር መስሎ አይታይም። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጠዳ ወደ ጎንደር ስንሄድ አዘዞ ላይ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ ጭልጋን፣ አይከልን አልፎ ወደ ገንዳ ውኃ ይወርዳል፤ ከዚያም እስከ ሱዳን ድንበር፣ እስከ መተማ ዮሐንስ ይዘልቃል። ከጎንደር እስከ ድንበሩ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በቋራ የሚገኘው የአላጥሽ ሜዳ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ነው። በአንድ ቀን ጉዞ ጋቢ ከሚለበስበት አገር በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ወደሚያልፍበት አገር እንወርዳለን ማለት ነው።

ወንዞቹም ከዚሁ ከደጋው የሚነሡ ናቸው። ጓንግ ወደ አትባራ ይወርዳል። ሽንፋ በሱዳን ራሃድ ተብሎ፣ የአይማና የአላጥሽ ውኃዎች ደግሞ ከድንድር ጋር ሆነው ወደ ዓባይ ይገባሉ። በክረምት እነዚህ ወንዞች ይሞላሉ፤ ጥቁሩ ዋልካ መሬት ይጨቀያል፤ መኪና ይቆማል፤ ከቋራ ቀበሌዎች ብዙዎቹ ከወረዳው ከተማ ከገለጎ ጋር እንኳ ይቆራረጣሉ። በበጋ ደግሞ ወንዙ ይደርቅና ውኃው እዚህም እዚያም በኩሬ ብቻ ይቀራል፤ ዋልካውም ይሰነጣጠቃል። ይህን ስንጥቅ አትርሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የስፋቱን ነገር በምሳሌ እንንገራችሁ። በቋራ ወረዳ ውስጥ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ብቻውን 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የጣና ሐይቅ ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ በሽመልና በግራር የተሸፈነ፣ ጣናን ሊያህል ጥቂት የቀረው ጫካ አለ ማለት ነው፤ ያውም የወረዳው አንድ ክፍል እንጂ ሁለንተናው አይደለም። ፓርኩ ከድንበሩ ማዶ በ1935 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው ከሱዳኑ የድንድር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያለበት ቡድን በዛፍ ላይ ካሜራ አጥምዶ፣ በአላጥሽ አንበሳ መኖሩን በፎቶግራፍ አረጋገጠ። በሁለቱ ፓርኮች በአንድነት ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሳይኖሩ እንደማይቀሩም ገመተ። የውጭ ጋዜጦች የማይታወቅ አንበሳ ተገኘ ብለው ጻፉ። የቋራ ሰው ግን ከብቱን በአንበሳ ሲያስበላ የኖረ ነውና አዲስ ነገር አልሆነበትም። የማይታወቀው ለማን እንደሆነ መጠየቅ መልካም ነው።

ታሪኩም ቢሆን የባዶ አገር ታሪክ አይደለም። የቋራው ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከመድፋታቸው በፊት ኃይላቸውን ያደራጁት በዚህ ቆላ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በመተማ ነው፤ ከተማይቱም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ሰንደቅ ዓላማ የተከሉት በዚሁ በምዕራቡ ድንበር በኦሜድላ ነው። ቤተ እስራኤላውያንም በቋራ ለብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1991 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ተወስደዋል። ታዲያ ነገሥታት የተነሡበትን፣ የወደቁበትንና የተመለሱበትን ምድር ባዶ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ዛሬስ በዚያ የሚኖረው ማን ነው? ጉሙዞች አሉ፤ ከማንም አስቀድመው የነበሩ ናቸው። አማሮችና አገዎች አሉ። ፈላታ የሚባሉት ከብት አርቢዎች በበጋ ከሱዳን ወገን ከብታቸውን እየነዱ ወደ አላጥሽ ይገባሉ። ከድንበሩ ማዶና ወዲህ ሆነው የሚነግዱም አሉ። በርሜል ጊዮርጊስ ወደሚባለው ጠበል ከየአገሩ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይጎርፋል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በዚያ የኮሌራ ወረርሽኝ መነሣቱ ራሱ ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቦታ ምን ያህል ሰው እንደሚሰበሰብ የሚመሰክር ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ተሻግረው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፍረው ነበር።

ስለ ጉሙዞች ጥቂት እንጨምር፤ የደጋ ሰው አብዝቶ የሚሳሳተው በእነርሱ ላይ ነውና። የጉሙዝ ገበሬ እንደ እኛ በበሬ አርሶ በአንድ እርሻ ላይ ለዘለዓለም አይቀመጥም። ጫካውን መንጥሮና አቃጥሎ፣ በእጅ መቆፈሪያ ቆፍሮ ማሽላ ይዘራል። አፈሩ ሲደክም ትቶት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ያንን የተወውንም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ያርሰዋል። ከዚህ ሌላ ማር ይቆርጣል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ያድናል። እንግዲህ የደጋ ሰው መጥቶ ያረፈውን መሬት ሲያይ ጌታ የሌለው ይመስለዋል። መሬቱ ግን ባለቤት አለው፤ ያረፈ እርሻ ነው። በእኛ አገር እርሻው ከርሞ እንዲያርፍ የተወ ገበሬ ጎረቤቱ ገብቶ ቢያርስበት ዝም ይላልን?

ይህን ያህል ሰፊ ምድር ሳለ ሰው ለምን ጥቂት ሆነ? ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ዋነኛው በሽታ ነው። ወባ ከቆላው አልፎ በዚህ በደምቢያ ሜዳ እንኳ በ1940ዎቹ አጋማሽ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጨርሷል። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው ያ እልቂት ባስነሣው ጥያቄ ጭምር ነው። ከወባ ሌላ ደግሞ ካላዛር አለ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት ነፍሳት ናት። ቀን ቀን ከምትደበቅባቸው ቦታዎች አንዱ ቅድም አትርሱት ያልናችሁ የዋልካው ስንጥቅ ነው፤ ሌሊት ወጥታ ሜዳ ላይ የተኛውን ሰው ትነድፋለች።

ይህ ሁሉ እየታወቀ በዚህ ምድር ላይ ሰው የማስፈር አሳብ ከአንድ ጊዜ በላይ ተሞክሯል። በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ መንግሥት በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አጓጓዘ። ከእነዚህ 80 ሺህ ያህሉ ከቋራ በስተ ደቡብ በበለስ ሸለቆ፣ በፓዊ ሰፈሩ። መሬቱ ባዶ ነው ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን የጉሙዞች ነበር። ደጋ የለመደ ሰውነት ከወባ ጋር በድንገት ተገናኘ፤ ብዙዎች ሞቱ። በሰፋሪውና በነባሩ መካከልም ደም ፈሰሰ፤ ሁለቱም ግን ድኾች ነበሩ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአማራ ክልል በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ሰፈራ በመተማ፣ በቋራና በሌሎች ቆላማ ወረዳዎች አካሂዷል፤ ለአንድ አባወራ እስከ 2 ሄክታር ተመድቦለታል። ከእነዚህ ሰፋሪዎች ዛሬ ሰሊጥ አምርተው የቆርቆሮ ቤት የሠሩ አሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። በወባና በውኃ ጥም ተማረው ወደ ቀያቸው የተመለሱም አሉ። ልዩነቱ በአብዛኛው ውኃ ጉድጓዱና ጤና ጣቢያው ከሰው በፊት ደርሰው እንደ ነበረ ወይም ከሰው በኋላ እንደ መጡ ነው።

ጫካውም የሚናገረው አለው። በመተማና በቋራ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል፤ በበጋ ልጡን በስለት እየነኩ የሚፈሰውን ሙጫ ይሰበስባሉ፤ ይህም የብዙ ሰው እንጀራ ነው። በመተማ አካባቢ ተጠንቶ በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የኢትዮጵያውያንና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፎቹ 90 በመቶው እንደሚጠፉ አመልክቷል። የሚያስገርመው የሚደማውም የማይደማውም ዛፍ እኩል መመናመኑ ነው፤ ምክንያቱም ችግኙ በቃጠሎና በከብት እየጠፋ አሮጌው ሲወድቅ የሚተካው ወጣት ዛፍ የለም። እንግዲህ ሰፊ ነው ማለት አያልቅም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ወጣቶቻችንን በቆላው እናስፍር ወይስ አናስፍር ስንል፣ ወጣቶቻችን አስቀድመው በዚያ መሆናቸውን የዘነጋን ይመስላል። ሰሊጥ በቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ከዛላው ተፈልቅቆ መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ባለ እርሻው ሁሉ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ታጭዶም «ሂላ» በሚሉት ክምር ይቆማል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ አረም አለ። ለዚህ ሥራ በየዓመቱ ከደጋው በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ ሁመራ ሲወርድ ኖሯል፤ ከእነርሱም ለወቅቱ ሄደው የሚመለሱ አሉ፤ ሳሉግ ተብለው በዚያው የሚከርሙም አሉ። ከጎጃም፣ ከደራ፣ ከፎገራ የሚመጡት በዚሁ በጠዳ መንገድ ያልፋሉ። ደሞዝ ለወንድሞቻቸው ማስተማሪያ፣ ለበሬ መግዣ፣ ለሠርግ ይሆናል ብለው ይሄዳሉ። ሌሊት ሜዳ ላይ ይተኛሉ፤ የሚጠጡት ከብት የገባበትን ኩሬ ነው።

ታመው ሲመለሱ የሚሆነውን በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ትኩሳት ሲይዘው ወባ ነው ይባላል፤ የወባ ክኒን ይሰጠዋል፤ አይሻለውም። ይከሳል፤ ሆዱ በግራ በኩል ከጣፊያው ማበጥ የተነሣ ይነፋል። ቤተሰቡ መድኃኒት አደረጉበት ይላል፤ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ይመላለሳል። ካላዛር ግን ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. ከዚህ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ባለው በሊቦ ከምከም ወረዳ የተነሣው ወረርሽኝ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ነበር የታሰበው። ካላዛር መሆኑ ከታወቀ በኋላ በጥቂት ዓመታት ከ2 ሺህ በላይ ሕሙማን በአዲስ ዘመን ታክመዋል። በሽታው ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት ሳይመጣ እንደማይቀር ባለሙያዎች ያስባሉ። ስለዚህ የቆላው ጉዳይ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም፤ ደጋው ላይ ወጥቶ በራችንን አንኳክቷል።

መልካሙ ወሬ በሽታው የሚድን መሆኑ ነው። ከጣት ደም ተወስዶ በጥቂት ደቂቃ የሚታይ ምርመራ አለ፤ ሕክምናውም በብዛት ለ17 ቀን በየቀኑ የሚሰጥ መርፌ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ። ኤች.አይ.ቪ. ያለበት ሰው ሲሆን ግን ሕክምናው ይከብዳል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሳያፍሩ መመርመር ያስፈልጋል። ብዙዎችን የሚገድላቸው የመድኃኒት አለመኖር ብቻ ሳይሆን የቀናት መባከን ነው።

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ገንዘብ አዋጥታችሁ ወጣቶችን በቋራ አስፍሩ የሚለውን አሳብ አንደግፈውም። የምንቃወመው ቆላውን ስለምንፈራ አይደለም፤ ያረፈን የሰው እርሻ ባዶ ብለን ልጆቻችንን ለወባ፣ ጎረቤቶቻችንን ለጠብ አሳልፈን መስጠት ስለማይገባን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭትም ብዙ ጉዞ አስቀርቶብናል፤ እኛ ራሳችን በሰላም ደርሰን ለመመለስ በማንተማመንበት መንገድ ቤተሰብ ይዞ ውረዱ ልንል አንችልም። ይሁን እንጂ ያዋጣችሁት ገንዘብ ሦስት ሥራ እንዲሠራ እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ ከመሄዳቸው በፊት። በሰኔና በነሐሴ መጨረሻ እያንዳንዱ አጥቢያ ወደ ቆላ የሚወርዱትን ልጆች ስም ይመዝግብ፤ ከማን ጋር እንደሄዱና ወዴት እንደሄዱ ይወቅ። ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሄዱ ይምከር። ለእያንዳንዱ በመድኃኒት የተነከረ አጎበርና ለውኃ ማከሚያ የሚሆን ነገር ይሰጠው። አጎበር ለቤት ብቻ አይደለም፤ በአራት እንጨት ላይ ተወጥሮ ሜዳም ላይ ያገለግላል።

ሁለተኛ፣ ሲመለሱ። ከቆላ የመጣ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈና የወባ መድኃኒት ካላሻለው፣ የአጥቢያው ሽማግሌዎች ከጎንደር ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ኃላፊነቱ የእነርሱ መሆኑን ይወቁ። ለመጓጓዣና ለአስታማሚ ምግብ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ በየአጥቢያው ይቀመጥ። ይህ ድንጋጌ ለአባሎቻችን ልጆች ብቻ አይሁን፤ በመንገድ ዳር ታሞ የወደቀውን ሳምራዊው ሃይማኖቱን አልጠየቀውም።

ሦስተኛ፣ በቆላው። በዚያ መሥራት ስንችል የምንሠራው ለነባሩና ቀድሞ ለሰፈረው ሕዝብ ይሁን፤ ውኃ ጉድጓድ፣ የጤና ኬላ ዕቃ፣ የችግኝ ጥበቃ። ሥራውም ከወረዳው ጋር ብቻ ሳይሆን ከጉሙዝ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠን የተስማማንበት ይሁን። የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ሆይ፣ ካርታ ላይ መንደር የማይታይበትን ቦታ ስታገኙ ሰው የለም ብላችሁ አትጻፉ፤ ሰዉ ወዴት ሄዶ እንደሆነና መቼ እንደሚመለስ ጠይቃችሁ ጻፉ።

ወደ ከነዓን የተላኩት አብዛኞቹ በፍርሃት የተሞላ ወሬ ይዘው ተመለሱ፤ ሁለቱ ግን የተስፋ ቃል ይዘው መጡ። እኛ ይዘን የመጣነው ምድሪቱ መልካም እንደሆነች፣ ሰዎችም እንዳሉባት የሚናገር ወሬ ነው። የዚህ ዓመት የአረም ጊዜ ሊደርስ ነው። የስም መዝገቡን ለማዘጋጀት ዛሬ ከዚህ ከመለያየታችን በፊት ከየአጥቢያው ሁለት ሁለት ሰው መርጣችሁ ስጡን።